ከጀልባዋ የተረፈው ሰው

ሦስተኛው ጥሪ በመጣ ማግስት የመዲና ይመር አምባር ቢጫ ሆነ።

ጠዋት አውቶቡሱ በር ላይ እጇን ዘረጋች፤ በሩ አልተከፈተም። ከኋላዋ የተሰለፉት ሰዎች ግማሽ እርምጃ ሸሸት አሉ። ኮምቦልቻ ውስጥ ቢጫ አምባር ያየ ሰው አይጠይቅም፤ ዞር ብሎ ሌላ ነገር ያያል። መዲናም ሌላ ጊዜ እንደዚያው ታደርግ ነበር። ሻርፗን አስተካክላ ወደምትሠራበት የልብስ ስፌት ፋብሪካ በእግሯ አቀናች፤ አንድ ሰዓት ከሩብ ፈጀባት። ዘበኛው ለአሥራ አንድ ዓመት በየጠዋቱ ሰላም ሲላት የኖረ ሰው ነው። አምባሯን አየና፣ «እስኪስተካከል እቤት ትቆይ ተብሏል» አላት፤ ዓይኗን ሳያይ።

ጥፋቱ የእሷ አልነበረም። ደንቡ እንደሚለው አንድ ቤተሰብ አንድ መዝገብ ነው፤ ከቤተሰቡ አንዱ ጥሪ ሳያከብር ሲቀር የሁሉም አምባር ይቀየራል። የተጠራው አባቷ ይመር አሊ ነበር፤ የጠራውም አዲሱ የጀልባዋ ሙዚየም።

ጀልባዋ ከሃምሳ ሁለት ዓመት በፊት ከኦቦክ ተነሥታ ወደ የመን ስትሻገር የሰጠመች ናት። ስልሳ አራት ሰው ጭና ነበር፤ አብዛኞቹ የወሎ ልጆች። የተረፉት አራት ናቸው። ባለፈው ዓመት ከባሕሩ ወለል ሲያወጧት ከውስጧ የአርባ ሦስት ሰው አጽም ተገኘ። ቤተሰቦች ለዘር ምርመራ ምራቅ ሰጡ፤ ከአንዱ አጽም በቀር ሁሉም ስም አገኙ። ጀልባዋም በባቡር ኮምቦልቻ ድረስ መጣችና ቤት ተሠራላት። ከአራቱ ተራፊዎች ሦስቱ አርጅተው ሞተዋል፤ ይመር ብቻ ቀርቷል። የመጀመሪያው ጥሪ፣ «የመጨረሻው ተራፊ እንደመሆንዎ ታሪክዎን በራስዎ ድምፅ እንዲያኖሩልን በአክብሮት እንጠይቃለን» ይላል። ሁለተኛው «በአክብሮት» የሚለውን ቃል ትቶታል። ሦስተኛው ላይ ቀንና ሰዓት ብቻ ነበረ።

መዲና ቤት ስትደርስ አባቷ ግቢው ውስጥ ተቀምጦ የጎረቤት የውሃ ፓምፕ ፈታትቶ ነበር። ሰባ አንድ ዓመቱ ነው።

«አባ፣ ከሥራ መለሱኝ።»

«አየሁ። የኔም ቢጫ ሆኗል።»

«የኢክራምም ሆኗል። ልጄን ሰኞ የጤና ኮሌጁ ይቀበላታል። በቢጫ አምባር ደግሞ ግቢ አያስገቡም፤ ታውቃለህ።»

ይመር ቀና አላለም። «እዚያ ጀልባ ውስጥ አንዴ ገብቻለሁ» አለ። «ዳግመኛ አልገባም።»

«ማን ግባ አለህ? ሁለት ቃል ተናግረህ፣ ፎቶ ተነሥተህ፣ ምራቅ ሰጥተህ ትመለሳለህ።»

«ምን ሰጥቼ?»

«ምራቅ። ጥሪው ላይ እኮ አለ። የጎብኚውን ዘር ከሟቾቹ ዘር ጋር ያገናኙታል። የሚመጣ ሁሉ ይሰጣል።»

ይመር አንዲት ብሎን ወደ ቦታዋ ሊመልስ ሞከረ፤ ሦስት ጊዜ ከጣቱ አመለጠችው።

በቀጠሮው ቀን ጠዋት ግን ታጥቦ፣ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ በር ላይ ቆሞ አገኘችው። «ልጅቷ ኮሌጅ መግባት አለባት» አለ። «ነይ ውሰጂኝ።»

አውቶቡሱ ያን ቀን ተከፈተላቸው፤ ወደ ሙዚየሙ ለሚወስደው መስመር ብቻ።

የሙዚየሙን ደጃፍ ሲያልፉ የሁለቱም አምባር አረንጓዴ ሆነ። ጥሪው ተከብሯል ማለት ነው። መዲና ከሦስት ቀን ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ በደንብ ተነፈሰች።

ጀልባዋ ከጣራው በብረት ገመድ ተንጠልጥላለች። መጀመሪያ ያስደነገጣት ትንሽነቷ ነው፤ ስልሳ አራት ሰው ቀርቶ ሃያ የምትይዝ አትመስልም። ሆዷ ላይ ዛጎል ተጣብቆባታል። ከሥሯ ወለሉ ላይ ስልሳ አራት የጫማ ቅርጽ በነጭ ቀለም ተሥሏል። ጎብኚዎች እየገቡ ቅርጾቹ ላይ ይቆማሉ፤ ትከሻ ለትከሻ ተጣብቀው፣ ለስድስት ደቂቃ። መብራት ይጠፋል፤ ሞተር ይሰማል፤ ከዚያ ሞተሩ ዝም ይላል። መብራቱ ሲመለስ ልባቸው ምን ያህል እንደመታ አምባራቸው ላይ ይነበባል። ልባቸው ያልተነካ ጎብኚዎች እንደገና እንዲቆሙ በትሕትና ይጠየቃሉ። አንድ ሰውዬ ለሦስተኛ ጊዜ ቆሞ ነበር፤ ላብ አጥምቆት፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ለማዘን ይታገላል።

አስጎብኚዋ ማኅደር ትባላለች፤ ሠላሳዎቹን ያጋመሰች፣ ፈገግታዋ የማይጠፋ ሴት። ይመርን በሁለት እጇ ጨበጠችው።

«ጋሼ፣ እንኳን ደህና መጡ! እርስዎ መቆም አይጠበቅብዎትም።» አምባሩን አየችና ዓይኗ በራ። «ልብዎ እንዴት ነው የሚመታው! ገና ከበር! ከተከፈትን ጀምሮ እንዲህ ያለ አላየንም።»

«አርጅቻለሁ፣ ልጄ።»

«ምራቅ መቀበያው ክፍል አሁን ይዘጋጃል። እስከዚያ ፎቶዎቹን ይመልከቱ። ደግሞ እንግዳ አለችዎት። ከመርሳ ድረስ ነው የመጣችው፤ መምጣትዎን ሰምታ። ማን እንደሆነች አልነግርዎትም፤ ሲገናኙ ቢያዩ ይሻላል።» ፈገግ ብላ ሄደች።

«ማን ናት?» አለች መዲና።

ይመር ከጎኗ አልነበረም። ወደ ግድግዳው ሄዶ ነበር።

ስልሳ ፎቶ በስድስት ረድፍ ተሰቅሏል። የሠርግ ፎቶ አለ፣ የመታወቂያ አለ፣ ከስልክ ተቆርጦ የጎላ አለ። ይመር ከሦስተኛው ረድፍ ፊት ቆሞ አንዱን ያያል። መዲና ከጎኑ ደረሰች። የትምህርት ቤት ፎቶ ነው፤ ደንብ ልብስ የለበሰ ልጅ። ሰፊ ግንባር፣ ወጣ ያለ ጆሮ፣ አንዱ ቅንድቡ ከሌላው ከፍ ያለ፤ ሊጠይቅ የጀመረውን ነገር የተወ ይመስላል። የኢክራም ፊት ነው። ቁርጥ የገዛ ልጇ ፊት፣ ጸጉሩ ብቻ አጭር።

ከሥሩ እንዲህ ተጽፏል፤ «አራጋው ሙሄ። 19 ዓመት። አጽሙ አልተገኘም።»

«አባ…»

«ቀስ በዪ» አላት።

«ይሄ ማነው?»

«ቀስ ብለሽ ስሚኝ። ስሜ ይመር አይደለም።»

ከኋላቸው የሞተሩ ድምፅ ተነሣ፤ አዲስ ጎብኚዎች ቆመዋል። ይመር ዓይኑን ከፎቶው ሳይነቅል፣ ከንፈሩን እምብዛም ሳያንቀሳቅስ ነገራት። ጀልባዋ ላይ ብርድ ሲያንቀጠቅጠው አጠገቡ የተቀመጠ የመርሳ ልጅ ጃኬቱን አውልቆ ሰጠው። ያ ልጅ ይመር አሊ ነበር። ሁለት ቀን መንገድ ላይ አብረው ሄደዋል፤ ከዚያ በፊት አይተዋወቁም። ጀልባዋ ስትገለበጥ ይመር ከታች ነበር፤ አልወጣም። አራጋው በአንድ ባዶ ጀሪካን ላይ ተንጠልጥሎ ዳር ደረሰ። የያዟቸው ወታደሮች መታወቂያ ያለውን ወደ አገሩ፣ የሌለውን ወደ ቆርቆሮ መጋዘን ይለዩ ነበር። ኪሱን ፈተሹት፤ ጃኬቱ ውስጥ በላስቲክ የተጠቀለለ የቀበሌ መታወቂያ ተገኘ። ፎቶውን ጨው በልቶታል።

«ይመር አሊ! አሉ። አቤት አልኩ።»

«እሺ፣ አገርህ ስትገባስ? ያኔስ ለምን አልተናገርክም?»

«እናትና አባት የለኝም፤ አጎቴ ቤት ነው ያደግሁት። የሚጠብቀኝ አልነበረም። ዛሬ ነገ ስል መዝገቡ መጣ። የጣቴንም አሻራ የዓይኔንም ምስል በይመር ስም ወሰዱት። ከዚያ እናትሽን አገባሁ፤ አንቺ ተወለድሽ። በየትኛው ቀን ልናገር?»

መዲና ልጅ ሳለች በየዓመቱ በክረምት መግቢያ አባቷ ስልክ ላይ የሚመጣ መልእክት ነበር፤ «ከድጃ አሊ የተባሉ ሰው ሊያገኙዎት ይፈልጋሉ። ይፈቅዳሉ?» ተፈላጊው ካልፈቀደ መዝገቡ አድራሻ አይሰጥም። ማን ናት ብላ ስትጠይቀው፣ «ሰው ተሳስታ ነው» ይላት ነበር።

«ከድጃ አሊ» አለች።

«እህቱ።»

«ወንድሟ በሕይወት አለ ብላ ነው የምትፈልግህ? ስንት ጊዜ እምቢ አልካት?»

«ሠላሳ አንድ ጊዜ» አለ። ቁጥሩን ለማሰብ አልቆየም።

መዲና ልትጮህበት ፈለገች። ግን ከንዴቷ ቀድሞ ሌላ ነገር መጣባት፤ በሐሰት ስም የቆመ መዝገብ ከሥሩ ይነቀላል። የመዲና ስም፣ የኢክራም ስም፣ ቤቱ፣ ኮሌጁ፣ ሁሉም ይመር አሊ የሚለው ስም ላይ የተንጠለጠሉ ናቸው። ምራቁ ብልቃጡ ውስጥ ከገባ አራጋውን ፍለጋ ምራቅ የሰጡት የአጎቱ ልጆች ዘር ይመጣል። ከዚያ ወዲያ የሚደረግ የለም።

«ደረትህን ያዝ» አለችው።

«ምን?»

«ደረትህን ያዝና ልቤን በል። በሕክምና በር ያወጡናል። አምባራችን አረንጓዴ ነው፤ ጥሪውን አክብረናል። ሰኞ ኢክራም ትገባለች። ከዚያ በኋላ ያለውን ከዚያ በኋላ እናያለን። ቶሎ!»

ይመር እንደታዘዘ ልጅ እጁን ደረቱ ላይ አደረገ። መዲና በብብቱ ደግፋ፣ «አባቴን አመመው፣ አሳልፉን» እያለች በሰዎቹ መካከል ጎተተችው። ቀይ ምልክት ያለበት በር በኮሪደሩ ጫፍ ይታያል። ሃያ እርምጃ ቢሆን ነው። ከበሩ አጠገብ አግዳሚ አለ፤ አግዳሚው ላይ ጥቁር ሻሽ ያሰሩ አንዲት አሮጊት ዘንጋቸውን ተደግፈው ተቀምጠዋል። ማኅደር ከጎናቸው ቆማ ውሃ ትሰጣቸዋለች።

«ኧረ ጋሼ! ምን ሆኑ?» ማኅደር ሮጣ መጣች። «ይቀመጡ፣ እዚህ ይቀመጡ። እማማ ከድጃ፣ ጠጋ ይበሉላቸው። እሳቸው ናቸው እኮ! ጋሽ ይመር ናቸው!»

አሮጊቷ ጠጋ አላሉም። ተነሡ።

«ቀና በል» አሉት።

ቀና አለ።

«ልረግምህ ነው የመጣሁት» አሉ። ድምፃቸው ረጋ ያለ ነበር፤ ብዙ ጊዜ የተለማመዱት ይመስላል። «እናቴ በር በሩን ስታይ ሞተች። ልጄ ተርፏል አሉኝ፣ ታዲያ ምን አድርጌው ነው የጠላኝ እያለች። መጀመሪያ እምቢ ካልከን ጀምሮ አሥራ ዘጠኝ ዓመት እንዲህ እያለች። ዓይንህን አይቼ ልረግምህ…» ቆሙ። ፊቱን በደንብ አዩት። አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ጆሮውን አዩ፣ አገጩን አዩ። «ይሄ ወንድሜ አይደለም» አሉ።

ማኅደር ሳቅ አለች። «እማማ፣ ሃምሳ ሁለት ዓመት እኮ ነው። ሰው ይለወጣል። ደግሞ ምራቅ ስትሰጡ መሣሪያው ወዲያው ያገናኛችኋል።»

ከድጃ መልሰው አዩት። መዲና የአሮጊቷ ፊት ሲለዋወጥ አየች፤ ጥርጣሬው ቀስ እያለ በሌላ ነገር ተተካ። ያ ሌላ ነገር ከእርግማኑ የባሰ ሆነባት። ሴትዮዋ እያመኑ ነበር።

«ምናልባት ዓይኔ ነው» አሉ ቀስ ብለው። «ዓይኔ ደክሟል። ያኔም አሥራ አራት ዓመቴ ነበር።» ዘንጋቸውን ወደ ግራ እጃቸው አዛወሩና ቀኝ እጃቸውን ወደ ጉንጩ ዘረጉ። «ይመርዬ? አንተ ነህ? ብትሆን እኮ… አልቆጣህም። ሙት አልልህም። እሺ ብቻ በለኝ።»

በሩ ከጀርባቸው አራት እርምጃ ነው። «አባ፣ እንሂድ» አለች መዲና። «ሐኪም ይየው፣ በአላህ አሳልፉን!»

አባቷ ክንዱን ከእጇ አላቀቀ። የአሮጊቷን እጅ ጉንጩ ሳይነካ አየር ላይ ያዘውና ቀስ አድርጎ አወረደው።

«አይደለሁም» አለ። «አራጋው ሙሄ ነኝ። ፎቶዬ ግድግዳው ላይ አለ። ወንድምሽ ያን ዕለት ሞቷል።»

ማኅደር ፈገግታዋ እንዳለ ቀረ፤ ምን እንደምታደርገው ያላወቀች ይመስል።

አራጋው አግዳሚው ላይ አልተቀመጠም። ቆሞ ሁሉንም ነገራቸው፤ ጃኬቱን፣ ማዕበሉን፣ ወታደሮቹን። በየዓመቱ የመጣውን መልእክትና የመለሰውን መልስ አልዘለለም። ከድጃ ሳያቋርጡ ሰሙት። ሲጨርስ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ።

«ጃኬቱን ለምነኸው ነው ወይስ ራሱ ሰጠህ?»

«ራሱ ሰጠኝ። አልለመንኩትም።»

«እሱ ነው» አሉ ከድጃ። «እሱ እንደዚያ ነበር።» ከዚያ ከየት እንደመጣ ያልታወቀ ጉልበት ገባባቸውና በዘንጋቸው ትከሻውን መቱት፤ አንዴ፣ ሁለቴ። «ሠላሳ አንድ ዓመት! ሞቷል ብትለኝ ምን ነበረበት? እናቴ አልቅሳ ይወጣላት ነበር! ለእሷ አሁን ማን ይነግራታል?»

አራጋው አልተከላከለም። ሦስተኛውን ከድጃ ራሳቸው ተዉት። ዘንጉ ከእጃቸው ወደቀ።

«የት ነው ያለው?» አሉ።

ስም ያልተገኘለት አጽም በመጨረሻው ክፍል ነበር፤ ነጭ ሳጥን ውስጥ፣ በመስታወት ኋላ፣ «ቁጥር 38» ተብሎ። የጠፉ ሰዎች ቤተሰቦች ሁሉ ምራቅ ሲጠየቁ ከድጃን ማንም አልጠየቃቸውም፤ ወንድማቸው በመዝገቡ ሕያው ነው። አሁን ብልቃጡን ከማኅደር እጅ ተቀብለው ተፉበት። መሣሪያው አርባ ሰከንድ ወሰደ። መዲና ቆጥራዋለች። ከዚያ ሳጥኑ ላይ ያለው ጽሑፍ ተቀየረና፣ «ወንድም» አለ።

ከድጃ መዳፋቸውን መስታወቱ ላይ አሳረፉ።

«እባክዎ መስታወቱን አይንኩ» አለ ከጣራው የመጣ የለሰለሰ ድምፅ።

ከድጃ ወለሉ ላይ ተቀመጡና አለቀሱ። የሃምሳ ሁለት ዓመት ለቅሶ ነበር፤ ገና ዛሬ እንደተረዳ ሰው፣ ደረታቸውን እየመቱ፣ ስሙን እየጠሩ። ከጀልባዋ ሥር የቆሙት ሴቶች ሰምተው መጡ። አንዷ ጫማዋን አውልቃ አጠገባቸው ቁጭ አለች፤ ከዚያ ሌላዋ። ማንነታቸውን እንኳ አልጠየቁም። ብዙም ሳይቆይ ክፍሉ ሞላ፤ ያ የለሰለሰ ድምፅ ያለማቋረጥ ይናገራል፤ የሚሰማው ግን አልነበረም። መዲናም ሳታስበው ወለሉ ላይ ነበረች። አምባሯን ስታየው ግራጫ ሆኗል። ግራጫ አምባር ከዚያ በፊት አይታ አታውቅም ነበር።

የቤተሰቡን መዝገብ ማጣራቱ ሰባት ወር ፈጀ። ግራጫ አምባር ያለው ሰው አውቶቡስ አይሳፈርም፣ ሐኪም ቤት አይመዘገብም፣ ሥራ አይገባም፤ ግን አይታሰርም። ኢክራም በዚያ ዓመት ኮሌጅ አልገባችም። አያቷን ሁለት ወር ሙሉ አላናገረችውም፤ ከዚያ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሻይ አምጥታ አጠገቡ አስቀመጠችና ዝም ብላ ተቀመጠች። መዲና ራሷ በልቧ ሁለት ሐሳብ ነበራት፤ ያን በር ሳይወጡ በመቅረታቸው አንዳንድ ጠዋት ትቆጫለች፣ አንዳንድ ጠዋት ደግሞ የከድጃ የተዘረጋ እጅ ትዝ ይላትና ፊቷን ትሸፍናለች። ሙዚየሙ ሁለት ፎቶ አቀያየረ። የሟቾችና የተራፊዎች ቁጥር ስላልተለወጠ የግድግዳውን ጽሑፍ ማረም አላስፈለገውም።

አጽሙ በሦስተኛው ወር ለቤተሰብ ተሰጠ። ከድጃ በልጃቸው በኩል መልእክት ላኩ፤ «ይምጣ። ድንኳን ግን አይገባም።» አስከሬን የሚሸኝ ሰው አምባር አይጠየቅምና አራጋውና መዲና ሣጥኑን በጫነው መኪና፣ ከሣጥኑ ጎን ተቀምጠው መርሳ ገቡ። መንገዱን ሙሉ አራጋው እጁን ሣጥኑ ላይ አድርጎ ነበር።

መቃብሩ ከመንደሩ በላይ፣ ቁልቋል ባጠረው ቦታ ነው። ሴቶቹ ከቁልቋሉ ኋላ ቀሩ። ወንዶቹ ሣጥኑን አወረዱ፤ አራጋው ከሁሉም ኋላ ቆመ። ሼሁ ከራስጌ ተቀመጡ። ሟቹን በስሙና በእናቱ ስም ጠርተው የመጨረሻውን ቃል ሊያስታውሱት ነው።

«የሟች ስም?» አሉ።

የከድጃ የመጀመሪያ ልጅ ዞሮ አራጋውን አየው። «እናቴ እሱ ይናገር ብላለች» አለ።

ሰዎቹ መንገድ ለቀቁለት። አራጋው እስከ ጉድጓዱ አፍ መጣ።

«ይመር» አለ። «ይመር አሊ።»

«የእናቱን ነው የምፈልገው፣ ልጄ። ይመር፣ የማን ልጅ?»

አራጋው አፉን ከፈተ። ሃምሳ ሁለት ዓመት ያን ስም ለብሶ ኖሯል፤ በስሙ አግብቷል፣ ወልዷል፣ ፈርሟል። የሰውየውን እናት ስም አያውቅም። ጠይቆም አያውቅም። ነፋሱ ቁልቋሉን ያንሿሿል። ሼሁ ቀና ብለው ጠበቁ። ሰዎቹ ጠበቁ።

«አላውቅም» አለ። ወደ ቁልቋሉ ዞረ። «ከድጃ! አላውቅም! ማን ነበር ስሟ?»

መዲና ከሴቶቹ መካከል ሆና ከድጃ ከንፈራቸውን ነክሰው ሲታገሉ አየቻቸው፤ ይሄንንም ልስጠው ወይ የሚሉ ይመስላሉ። በመጨረሻ ዘንጋቸውን መሬት ላይ ተክለው ቀና አሉ።

«ዘሐራ!» ብለው ጮኹ። «ዘሐራ ነው ስሟ! ጮክ ብለህ በለው፣ ይስማ!»

አራጋው ተንበረከከ። ሁለት መዳፉን አፈሩ ላይ አድርጎ፣ ወደ ጉድጓዱ ጎንበስ ብሎ፣ ከታች የተኛው ሰው ብቻ ሳይሆን ከቁልቋሉ ኋላ ያሉትም ሁሉ እንዲሰሙ አድርጎ፣ «ይመር! የዘሐራ ልጅ!» አለ።

ሼሁ ጀመሩ። ሲጨርሱ የከድጃ ልጅ ከአፈሩ ላይ አካፋውን አነሣና ለአራጋው አቀበለው።